ጋሽ ተክሌ በራዲዮ የሞቱ ዕለት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ዝናብ አዘነብኩ። አለቃዬ አስቴር ጥሬ ሽምብራና የብረት ትሪ ሰጥታኝ፣ «ማይክራፎኑ ሥር ቀስ አድርገህ አንከባለው» አለችኝ። እኔ ደንግጬ ደፋሁት። የድራማችን ፍቅረኞች ፍራንክፈርት አይታው በማታውቀው በረዶ ተደበደቡ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ኒደርራድ በተባለው ሰፈር የቢሮ ሕንፃ እጠብቃለሁ። ቅዳሜ ግን የድምፅ ሠራተኛ ነኝ። በር እዘጋለሁ፣ ፈረስ አስጋልባለሁ፣ ጓንቴን አጋጭቼ ሰው በጥፊ አስመታለሁ። ጣቢያው የከተማው ነዋሪዎች በየቋንቋቸው በተራ የሚያሰራጩበት ትንሽ ራዲዮ ነው። ኒድ በተባለው ሰፈር ያሉ ጀርመንኛ የማይገባቸው አዛውንቶች ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት የእኛን ቅዳሜ ነው።

አስቴር ብሪታንያ ኖራ የመጣች ናት። «እዚያ ቀኑን ሙሉ ወሬ ብቻ የሚያሰማ ራዲዮ አለ» ትለናለች። «ድራማ፣ ቀልድ፣ ውይይት! ሰው ድስቱን እያማሰለ ይሰማል።» አንድ ቅዳሜ እንደዚያ ካልሠራን ብላ ወጥራ ያዘችን። የጣቢያው ኃላፊ ፍራው ኬለር ፈቀዱ። ግን አስጠነቀቁን፦ «አየሩ ባዶ ከሆነ፣ ወይም በዘፈን ከሞላችሁት፣ ቅዳሜያችሁን ለሌላ ቡድን እሰጣለሁ።» ፍራው ኬለር ቀልድ አያውቁም።

የድራማው መሪ ተዋናይ እትዬ ብርሃኔ ነበሩ። ባላቸው ጋሽ ተክሌ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ ጫኝ ናቸው፤ በከተማው የማያውቃቸው ሀበሻ የለም። በድራማው ውስጥ አቶ ደምሴ የተባለ ባል ይሞትና እትዬ ብርሃኔ ሙሾ ያወርዳሉ። በልምምድ ጊዜ እንባው እምቢ አለ። «ለማላውቀው ደምሴ ምን ብዬ ላልቅስ?» አሉ።

ቀኑ ደረሰ፣ ቀዩ መብራት በራ። እትዬ ብርሃኔ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ «የኔ ተክሌ!» ብለው ጀመሩት። «የሰው ሻንጣ ስታነሳ ኖረህ፣ የራስህን ሳትይዝ ሄድክ!» አስቴር ከመስታወቱ ማዶ እጇን ታወናጭፋለች። እትዬ ብርሃኔ የት አይተዋት! እኔም የድምፅ መቀላቀያው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን እነፋረቃለሁ። በሙያ ዘመኔ እንዲያ ያለ ለቅሶ አላሰራጨሁም።

ድራማውና ከእሱ የተከተለው የአንድ ሰዓት ወግ አልቆ ሁለቱ ቀልደኞቻችን ስቱዲዮ ሲገቡ ደወሉ ጮኸ። በሩን ብከፍት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ደረጃውን ሞልተውታል። ንፍሮ በሳህን ይዘዋል። ከኋላቸው ኤርትራዊው ሐጂ ዑመር ቴምር ታቅፈው ይወጣሉ።

የእትዬ ብርሃኔን ሙሾ በራዲዮ ሰምተው ነው። ሀበሻ ለቅሶን በስልክ አያጣራም፤ ይደርሳል። ደግሞስ ለሟች ማን ይደውላል?

«ድራማ ነው! ጋሽ ተክሌ ደኅና ናቸው!» አለች አስቴር።

ሴቶቹ ተያዩ። መርዶ እስኪነገር ድረስ ሁላችንም የምንለው ይህንኑ አይደል? «ደኅና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው።» አንዷ አስቴርን ጠጋ ብላ፣ «ልክ ነሽ፣ አገር ቤት ላሉት ቀስ እያላችሁ ንገሯቸው» አለቻት።

እትዬ ብርሃኔ ራሳቸው ወጡ። «ሺሽት ላይ ነው እኮ፣ ሥራ ተረኛ ነው! ማታ ይገባል።»

«ምስኪን» አሉ ሴቶቹ፣ ለቅሶውም ባሰበት።

ያን ጊዜ የእትዬ ብርሃኔ ፊት ተለወጠ። «ምን ሰምታችሁ ነው?» ብለው ስልክ መቱ። ዝግ ነው። ደግመው መቱ፣ ዝግ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። አሁን ሳቁ ጠፋብኝ፤ እኔም ፈራሁ።

ቀልደኞቹ «ለቀስተኛ ፊት አንቀልድም» ብለው ማይክራፎኑን ጥለው ወጡ። አየሩ ባዶ ሊሆን ነው። ፍራው ኬለር ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ብቅ ብለዋል። አስቴር ጆሮዬ ሥር፣ «ውይይቱን አሁን ጀምር!» ብላ ጮኸች። ለቀስተኛውን ከነንፍሮው እየነዳሁ አስገባሁና ማይክራፎኑን ከፈትኩ።

ተናገሩ! ጋሽ ተክሌ የማንን አልጋ አራተኛ ፎቅ እንዳወጡ፣ የማንን ልጅ ትምህርት ቤት እንዳደረሱ። ሐጂ ዑመር ቴምራቸውን እንደታቀፉ፣ «በኳስ ምክንያት ከእሱ ጋር ከተኮራረፍን ቆየን። ትክክሉ እሱ ነበር። ይቅር በለኝ ወንድሜ» አሉ።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ተክሌ ብርቱካናማ የሥራ ሰደርያቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። የሥራ ባልደረባቸው በእረፍት ሰዓት መርዷቸውን በራዲዮ ሰምቶ ነግሯቸው፣ ስልካቸውን ዘግተው የሥራ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ እንደተዉት፣ የእሱን ራዲዮ ጆሯቸው ላይ ደቅነው በባቡር እየበረሩ መጥተዋል።

አየሩ ጸጥ አለ። ፍራው ኬለር ወደ ሰዓቱ አዩ። ከለቀስተኛ እናቱ ጋር የመጣ አንድ ሕፃን በጀርመንኛ «እማዬ፣ አልሞተም እኮ!» ሲል ተሰማ።

ጋሽ ተክሌ ወንበር ስበው ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጡ። ከንፍሮው ዘገን አደረጉና፣ «ሐጂ፣ የኳሱን ነገር እስቲ ድገሙልኝ፤ ባቡሩ ውስጥ ራዲዮው በደንብ አልተሰማም» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ብርሃኔ ባላቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየገረፉ ይስማሉ። «ስልክህን ለምን ትዘጋለህ!» ሐጂ ዑመር ቴምሩን ያድላሉ። ቀልደኞቹ ተመልሰው ቢገቡም የሚሰማቸው አልተገኘም፤ ሁሉም ቀልደኛ ሆኗል። እኔም ከሳቁ ብዛት የትኛውን ቁልፍ እንደምነካ ጠፋኝ።

ስርጭቱ ሲያበቃ ፍራው ኬለር መጡ። አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም። «ቅዳሜው የእናንተ ነው» አሉ። «እንዲህ ያለ ትወና አላየሁም። ያ ሰደርያ የለበሰው ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚሠራው?»

«ሟቹን ነው» አለች አስቴር።

በዚህ ሙያ ለምትሰማሩ ወጣቶች የምላችሁ ይኸው ነው፦ በራዲዮ ለምትገድሉት ሰው የምታውቁትን ሰው ስም አትስጡት። ተዋናይዋ አፏ ካመለጣት ግን፣ ለቀስተኛውን አስገቡና ማይክራፎኑን ክፈቱ።