አጥር ሥር የሚይዘው ዋይፋይ

ባንተአምላክ ሽቅብ እያየ የሚሄድ ሰው ነው። ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ የኬብል መውጫ ቀዳዳውን ይቃኛል፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። ከጋዝጊብላ ወደ ሰቆጣ መጥቶ አይሲቲ ሲያስተምር ፀጉሩ ሸብቷል።

ለትምህርት ቤቱ ታብሌት ሲመጣ የዋይፋዩን ፕላን የሠራው እሱ ነው። ስልኩን እንደ ጧፍ ከፊቱ ይዞ ክፍል ለክፍል ዞረ። የድንጋይ ግድግዳው ሞገዱን የት የት እንደሚውጠው ለየ፤ በየክፍሉ ስንት ታብሌት በአንዴ እንደሚከፈት አሰላና ማሰራጫዎቹን ኮርኒስ ላይ ሰቀለ። ፕላኑ ላይ ያልገባ ክፍል አልነበረም፤ አጥሩ ግን አንዲት መስመር ብቻ ነበረች።

እማማ የሺመቤት የመጡት በዚያ አጥር በኩል ነው። ልጃቸው እየሩስ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ አርብ አርብ በኢሞ ቪዲዮ ትደውላለች።

"ልጄ፣ ድምጿ ይመጣል፤ ፊቷ ግን ይደርቅብኛል" አሉት። "እዚህ ጋ ጥሩ ይይዛል አሉ።"

"ማን ነገረዎት?"

"ተማሪዎቹ ናቸዋ። አንተማ ትደብቃለህ።"

ሳቀና የይለፍ ቃሉን በራሱ እጅ አስገባላቸው። በሳምንቱ ጎረቤታቸው ዝናሽ ተከተለች፤ እሷም ሌላ አመጣች። አጥሩ ሥር ነጠላ በነጠላ ሆነ። ተማሪዎቹ "ኤርፖርት" አሉት፤ "ዛሬ ኤርፖርቱ ሞልቷል" እያሉ ይስቃሉ። ባንተአምላክም በልቡ ኮራ።

ተማሪዎቹ በታብሌት ከሚወስዱት ፈተና በፊት ልምምድ ሲደረግ ገጹ አልከፈት አለ። ርዕሰ መምህሩ ጌታሁን በመስኮት ወደ አጥሩ ተመለከቱ።

"ሰውዬ፣ የትምህርት ቤት ዋይፋይ ነው የዘረጋኸው ወይስ ቴሌ ከፈትክ?"

ባንተአምላክ ወዲያው የይለፍ ቃሉን ለወጠ። ለሴቶቹ፣ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ ብሎ ተወው። አርብ ሲመጡ ግን እሱ መፈተኛ ክፍል ውስጥ ነበር። ታብሌቶቹ ሰተት ብለው ተከፈቱ፤ ጌታሁንም ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

እማማ የሺመቤት ከአጥሩ ማዶ አይተውታል። ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዴት ይጠራል ብለው ተመለሱ። ስልኩ አልይዝ ስላላቸው የተበላሸ መስሏቸው ገበያው ዳር ወዳለ ጠጋኝ ወሰዱት። ጠጋኙ "ሶፍትዌሩ ነው እማማ" አለና ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ አደረገላቸው። የጠፋው ኢሞ ደግሞ እየሩስ ከመሄዷ በፊት በራሷ ሲም የከፈተችላቸው ነበር፤ ሲሙ ከጠፋ ቆይቷል፤ ያለ እሱ መልሶ አይከፈትም፤ እየሩስም እናቷን የምታገኘው በዚያው ብቻ ነበር። የሪያድ ቁጥሯም ከዚያ ስልክ በቀር የትም አልነበረም።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። "ስልኬስ ዳነ፤ እሷ ግን ቀረች። እስቲ እየው።"

አየው፤ ባዶ ነው። የቻለውን ሁሉ ሞከረ።

"እማማ፣ የይለፍ ቃሉን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ስልክዎ ምንም አልሆነም ነበር።"

"አንተ ደግሞ፣ ምን ታደርግ? ልጆቹ ይፈተኑ እንጂ" አሉና እጁን ያዝ አደረጉት። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

በነጋታው አንዱን ማሰራጫ ወደ አጥሩ አዞረ። ኔትወርኩንም ለሁለት ከፈለው፤ ሰፊው ለተማሪዎች፣ ቀጭኑ ለእናቶች፣ አንዱ ሌላውን እንዳይነካ። ከምሳ በፊት አለቀ። መሰላል አቁሞ ማሰራጫዎቹን ኮርኒስ ላይ ከሰቀለበት ጊዜ ጀምሮ የሚያውቀው ሥራ ነበር። አጥሩን እንደ አንድ ክፍል ቆጥሮት ቢሆን ኖሮ!

እማማ የሺመቤት አሁንም አርብ አርብ ይመጣሉ። ዝናሽ ሪያድ ካለችው እህቷ ጋር ስታወራ ጠጋ ይሉና ወደ ስልኩ ጎንበስ ይላሉ።

"እየሩስን አላየሻትም የኔ ልጅ?"

"ከተማው ሰፊ ነው እማማ። እየጠየቅኩልዎት ነው።"

ባንተአምላክ በመስኮት ያያቸዋል። የዝናሽ እህት ፊት ጥርት ብሎ ይታያል፤ አንዴም አይደርቅም።