ጥለት ያልነበራት ልብስ

የቴሌቪዥን ጣቢያውን ልብስ ሰፊ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ምላሷ ስለሚዋጋ «እትዬ መርፌ» ነው የሚሏት። እሷም ትስቃለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ባለችው አልባሳት ክፍል ውስጥ የንጉሥ ካባ ስትጠግን፣ የወታደር ሱሪ ስታሳጥር ኖራለች። አንድ ነገር ብቻ ለማንም አትናገርም። የስፌት መኪናዋን አቁማ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ፣ ከልብስ መስቀያው ጀርባ ድምፅ ይመጣል። የእናቷ ድምፅ ነው። «ልብሴን መልሺልኝ» ይላታል። ያውም በቀን፣ በሥራ ሰዓት! እናቷ ከሞተች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ መርፌ ከወንዝ ማዶ ሰዎች ወገን ናት። ከማንም በፊት በዚያ ምድር የኖሩት እነሱ ናቸው፤ ዛሬ ግን ብዙው ሰው የሚያውቃቸው በድራማ ነው። ሥራ በጀመረች በሦስተኛ ወሯ ዳይሬክተሩ ስለነሱ ድራማ ሊሠራ ተነሳና «አንቺ የነሱ ልጅ አይደለሽ? ልብሳቸውን አምጪ» አላት። እናቷ ከአያቷ የወረሰቻት አንዲት ልብስ ነበረቻት፤ በመንደሩ የቀረችው የድሮ ልብስ እሷው ብቻ ናት። «ስሞት እሷን አልብሱኝ» ትል ነበር። ልጅት ለምና ወሰደቻት።

ዳይሬክተሩ ዘርግቶ ተመለከታትና ሳቀ። «ይሄማ ጆንያ ነው! ተመልካቹን እንቅልፍ ይወስደዋል። ደመቅ አድርጊው እንጂ!»

ምን ታድርግ? ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም፤ የእንጀራ ነገር ነው። ልብሷን ለሁለት ቀደደቻት። ከመጋረጃ ትራፊ ቀይ ጥለት ሰፋችባት፤ ዘርፍ አንጠለጠለችባት። ዋናው ተዋናይ አንገቱ የበሬ አንገት ነበርና እንዲሰፋለት ብላ በግራ ትከሻዋ በኩል ከፍታ ነጭ ቁልፍ ተከለችባት።

ድራማው የታየ ዕለት እናትና ልጅ አብረው ተመለከቱ። እናትየው ዓይኗን አጥብባ ብዙ አየችና «ደግሞ እነዚህ የማን አገር ሰዎች ናቸው?» አለች። ልጅት ሆድ ይፍጀው አለች። ከዚያ ወዲያ «ልብሴስ?» በተባለች ቁጥር «ጣቢያው አስቀምጦልሻል፣ እማዬ» ነበር መልሷ። እናትየው በተራ አንሶላ ተገንዛ ተቀበረች።

ባለፈው ማክሰኞ የወንድሟ ልጅ፣ የመንደሩ አስተማሪ፣ አሥራ ሁለት ሴት ልጆች አስከትላ መጣች። በቀጥታ ስርጭት ሊጨፍሩ ነው። ካፖርታቸውን ሲያወልቁ እትዬ መርፌ ግድግዳ ተደገፈች። ቀይ ጥለት። ዘርፍ። በግራ ትከሻ ላይ ነጭ ቁልፍ!

«ይሄ ቁልፍ ምንድነው?» አለች፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ።

«የአያቶቻችን ኮከብ ነዋ!» አለች ትንሿ ልጅ። «ወንዙን ሲሻገሩ የመራቸው።»

ወይ ጉድ! ለወፍራም አንገት የተተከለ ቁልፍ ኮከብ ሆኖ ቁጭ!

«አክስቴ፣ የድሮውን ካዩት የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አለች አስተማሪዋ። «አየር ላይ ይጠይቁሻል። ትክክል ነው በይልን። የትም ስንሄድ ‹ከድራማ የቀዳችሁት ነው› እያሉ ይስቁብናል።»

እትዬ መርፌ ክንዷን ይዛ ወደ ክፍሏ አስገባቻትና በሩን ዘጋች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ መጋረጃውን፣ መቀሱን፣ አንሶላውን። የወንድሟ ልጅ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም። ከመደርደሪያው ያልተቆረጠ ጨርቅ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«እሺ፣ እውነተኛውን አሳዪኝ» አለች። «እንደ ገና እንሰፋዋለን። መቼም እጃችን አይሰንፍም።»

እትዬ መርፌ ጨርቁን አጠፈችው። ፈታችው። መታጠፊያው ከቀኝ ነበር ወይስ ከግራ? ቋጠሮው ወገብ ላይ ነው ወይስ ከብብት በታች? የእናቷን ፊት በሐሳቧ አየችው፣ ሽበቷን አየችው፤ ከአንገት በታች ግን ያ መጋረጃ ብቻ! ድራማው ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት እያለ ሲቀጥል፣ ሠላሳ ዓመት ስታድስና ስትተኩስ የኖረችው እሱን ነዋ። «እማዬ፣ ምን ይዋጠኝ፣ ንገሪኝ!» አለች ወደ መስቀያው ዞራ። ከዚያ በኩል ምንም አልመጣም።

በሩ ተንኳኳ። «እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ቀርቷል፤ ይምጡ።»

ስቱዲዮ ውስጥ መብራቱ ዓይኗን ወጋት። አቅራቢው ማይክሮፎኑን አስጠጋላት። «እናታችን፣ እውነተኛው የባህል ልብሳችሁ ይሄ ነው?»

አሥራ ሁለቱም ልጆች ቀና ብለው አዩዋት። አስተማሪያቸው መሬት መሬቱን ታያለች።

«አዎ» አለች እትዬ መርፌ። «እናቴም የተቀበረችው ይሄንኑ ለብሳ ነው።»