ለታሰሩት የተቆረሰ ድፎ

የበዓሉ ኮሚቴ ለሚያሳትመው መጽሔት የሰፈራችንን ታሪክ በአራት ገጽ እንድጽፍ ሲያዘኝ እምቢ ለማለት እንኳ ጉልበት አልነበረኝም። ሶዶ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የክልላችን ስም ተቀይሯል፣ የደብዳቤያችን ማህተም ተቀይሯል፤ ስብሰባው ግን ያው ነው። ስለ ክልልነት ጥያቄ የተነጋገርንበትን አዳራሽ ወንበር ጀርባዬ ያውቀዋል። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ "መምህር፣ አንተ ካልጻፍከው ማን ይጽፈዋል?" አሉኝ። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሽማግሌዎች ጋ ነው። አንዱ ሰፈሩን ያቀናው የእኔ አያት ነው አለኝ። ሌላውም የእኔ አያት ነው አለኝ። ስለ ወላይታ ነገሥታት ሁለቱም ከመጽሐፍ የማውቀውን ነገሩኝ። በሦስተኛው ቀን እግሬ ዝሎ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ግቢ ገብቼ አረፍ አልኩ። ባለቤቷ ለበዓልና ለሰርግ ድፎ ዳቦ በመጋገር የታወቁ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው።

"ታሪክ ፍለጋ ትዞራለህ አሉ" አሉኝ፣ የእንሰት ቅጠል እሳት ላይ እያለበለቡ።

"አዎ፣ እማማ።"

"እኔ ስለ ንጉሥ አላውቅም። ማንን እንዳበላሁ ግን ልነግርህ እችላለሁ።"

በደርግ ጊዜ ነው፤ ገና ሳያገቡ። በአንድ የጊፋታ ዋዜማ የቀበሌው ሊቀመንበር ለስብሰባ የሚሆን ትልቅ ድፎ እንዲጋግሩ አዘዛቸው። ታላቅ ወንድማቸው ስብሰባ ቀርተሃል ተብሎ ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ታስሮ ነበር። እሳቸውም ጋገሩ። ዳቦውን ተሸክመው አዳራሹ ደጃፍ ሲደርሱ ግን አላስገባም አሉ።

"'መጀመሪያ ለታሰሩት ይቆረሳል' አልኩት ሊቀመንበሩን። 'አንቺ ማን ነሽ?' አለኝ። 'የጋገርኩት ነኛ' አልኩት። ዳቦውን ጭኔ ላይ አድርጌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ስብሰባው ውስጥ ያሉት ሽታው ደርሷቸው ይንጫጫሉ።"

"ከዚያስ?"

"አንድ ጠመንጃ የያዘ ሊቀማኝ መጣ። ሊቀመንበሩ ተዋት አለው። አየኝ፣ አየኝና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።"

ስድስቱ እስረኞች ከዳቦው በሉ፤ ከዚያ መልሶ ቆለፈባቸው። የተፈቱት ከመስቀል በኋላ ነው። እማማ የሊቀመንበሩን ስም ነገሩኝ። እሱ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጁ ግን የእኛው ኮሚቴ ጸሐፊ ነው።

ስሙን ሳልጠራ ጻፍኩት። ለኮሚቴው ሳነብ ሰብሳቢው ፊቱን አጨማደደ።

"መምህር፣ ታሪክ ነው ያልንህ፤ ይሄ የዳቦ ወሬ ነው። ደግሞ በበዓል ቁስል አንነካካ።"

ጸሐፊው ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣ "ከጽሑፉ ይውጣ" አለ።

መሟገት ነበረብኝ። ግን ስድስት ሰዓት አልፏል፣ ርቦኛል፣ የማግስቱን ትምህርት አላዘጋጀሁም። "እሺ፣ ይውጣ" አልኩ። ቃሉ ከአፌ የወጣበት ቅለት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በዋዜማው ከሰዓት ልነግራቸው ሄድኩ። እማማ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ሊጥ ውስጥ ነበር፤ የሚጋግሩት ለዚያው ለኮሚቴው ነው።

"የነገሩኝን ከጽሑፉ አወጡት፣ እማማ። እኔም እሺ አልኩ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ደክሞሃል። ተቀመጥ" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ተቀምጬ ቅጠል ሳጥብ ጸሐፊው በሩን ገፍቶ ገባ። እዚያ አገኘዋለሁ ብሎ አላሰበም፤ ጥቂት ካመነታ በኋላ ወደ እሳቸው ዞረ።

"እማማ፣ ያ ሊቀመንበር አባቴ ነው አይደል?"

"አባትህ ነው።"

"ሰው ማሰሩን እያወቅን ነው ያደግነው። ሰፈሩ ሁሉ ሲነግረን ኖሯል" አለ። "ቁልፉን ማውጣቱን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ይውጣ ካልኩ በኋላ ነው የገባኝ።"

"መክፈቱንም አይቻለሁ፣ መልሶ መዝጋቱንም አይቻለሁ" አሉት። "ካወራሁ ሁለቱንም ነው የማወራው።"

ራሱን ነቀነቀ። ቀድሞ ከወጣው ድፎ ቆርሰው ሰጡት፤ ሳይበላ እጁ ላይ ይዞት ቆየ። ከዚያ ስለ ወንድማቸው ጠየቀ።

"በተፈታ በሁለተኛው ዓመት ሞተ። እስኪሞት ድረስ ያን ዳቦ ያነሳው ነበር" አሉ፤ ፈገግም አሉ። "'ጨው አንሶት ነበር' እያለ።"

ያን ጊዜ ጎረሰ። እኔ ቅጠሌን ማጠብ ቀጠልኩ።

መጽሔቱ ነገሥታቱንና የዳሞታን ተራራ ይዞ ወጣ። ጸሐፊው ከበዓሉ በኋላ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ እንደገና እንድጽፈው ለመነኝ፤ የአባቱን ስም ጠርቼ፣ መልሶ መቆለፉንም ጨምሬ። እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሳልጽፈው ሁለት ጊፋታ አልፏል። እማማ አሁን ሊጥ የሚያቦካ ጉልበት የላቸውም፤ በር ላይ ተቀምጠው መንገደኛ ያያሉ።

ባለፈው ሳምንት ጸሐፊውን ባጃጅ ውስጥ አገኘሁት።

"መምህር?" አለኝ።

"በዚህ ሳምንት" አልኩት።

እሱም ደክሞታል መሰለኝ። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።