ከጂዳ የመጣው ቀለበት

ወታደሮች ጎባ ካለው ወርቅ ሱቄ ሲወስዱኝ የሥራ ሽርጤን እንድፈታ እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ ገና የገብስ አቧራ ይሸታል። ከወለሉ የሚወጣው ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል። አጠገቤ የተኛው ሰው የጎሮ ባለሱቅ ነው፤ ለሽፍቶች ስኳር ሰጥተሃል ተብሎ የታሰረ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ "ተጠጋ ወንድሜ፣ ለሁለት ይበቃል" አለኝ። እንደዚያው ክረምቱን ገፋን።

አንድ ረፋድ የእስር ቤቱ አዛዥ፣ ሻምበሉ፣ አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ አንዲት ሴት ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፈርጥ ያለው ቀለበት ተቀምጧል።

"አልማዝ ታውቃለህ አሉ።"

"አዲስ አበባ ስሠራ ተምሬያለሁ፣ ጓድ ሻምበል።"

"ለእጮኛዬ ልወስደው ነው። ከመውሰዴ በፊት ጥራቱን ንገረኝ።"

"አባቴ ሐጅ ሄዶ ለእናቴ ከጂዳ ያመጣላት ነው፣ ወላሂ" አለች ሴትየዋ። "ጎሮ ሱቅ የነበረውን ባለቤቴን ሊፈቱልኝ ቃል ገብተውልኛል።"

የቀለበቱ ዋጋ ገባኝ። የብርድ ልብስ ተጋሪዬ ነበር።

ቀለበቱን ይዤ ጀርባዬን ለሻምበሉ ሰጠሁና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ተነፈስኩበት። አልማዝ እንፋሎት አይዝም፣ ወዲያው ይጠራል። ይሄኛው እንደደፈረሰ ቆየ። ጠርዞቹ ዶልዱመዋል፤ ውስጡ ክብ የአየር አረፋ አለ። ብርጭቆ ነው። ሴትየዋን አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም ጥርጣሬ የለም።

"እህ?" አለ ሻምበሉ።

"አልማዝ ነው።" እንከን የለውም ብል እንደማያምነኝ አውቃለሁ። "ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል። ውስጡም ነጥብ አለው። አቆራረጡ ግን ደህና ነው።"

"መስታወት ይቆርጣል ይባላል" ብሎ ቀለበቱን ወደ መስኮቱ አነሳ።

ፈጥኜ አቋረጥኩት። "ይቆርጣል ጓድ፤ ግን ጠርዙ ሊሸረፍ ይችላል። የተሸረፈ ደግሞ ለሙሽራ አይሆንም።"

እጁን መለሰ።

ባለሱቁ በማግስቱ ተፈታ። ብርድ ልብሱን ትቶልኝ "ጃባዹ" አለኝ፤ በርታ ማለቱ ነው። የሆነውን አልነገርኩትም።

ከሳምንታት በኋላ ሻምበሉ አዲስ አበባ ደርሶ ተመለሰ። ቀለበቱ ብርጭቆ መሆኑን እዚያ ነግረውታል። ውስጥ እግሬን እያስገረፈ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ሴትየዋ ናት ወይ ያስጠናችህ?"

ተሳስቼ ነው ብል ምናልባት ይተወኝ ነበር። ያኔ ግን አታልላኛለች ብሎ እሷን ያስይዛታል።

"እሷ የምታውቀው ነገር የለም" አልኩት። "ብርጭቆ መሆኑን ያወቅሁት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው የዋሸሁት።"

 ሻምበሉ እንዲቀጥል ለገራፊው በእጁ ምልክት ሰጠው።

ዛሬ ሮቤ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ብዙ መቆም ስለማልችል ደንበኛ የምታስተናግደው ሴት ልጄ ናት። አንዳንዴ "አባዬ፣ ጎሮ እኮ ቅርብ ነው፤ ለምን ስለ እነዚያ ባልና ሚስት አታጠያይቅም?" ትለኛለች። በዚያ ዘመን የሰውን ደህንነት መጠየቅ ያለበትን ቦታ ለአሳዳጆቹ መጠቆም ነበር። ያ ዘመን አልፏል፣ አውቃለሁ። አፌ ግን እስከ ዛሬ ስማቸውን አያወጣም።