የተቅዋ አርባ ሰከንድ

ተቅዋን አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣታል ብትሉኝ፣ ከሰፈሯ ከካራ እኛ ሱቅ እስካለበት ወሰን ሰፈር የታክሲ፣ ምሳ፣ የኢንተርኔት ጥቅል። ትልቁ ወጪዋ ግን በብር አይቆጠርም። የሠራችው የመኪና መለዋወጫ መፈለጊያ ፕሮግራም አንድ ዕቃ ለማግኘት አርባ ሰከንድ ይፈጅ ነበር። እኔ የመለዋወጫ ሱቁ ሻጭ ባንኮኒው ላይ ሆኜ በቀን ዘጠና ጊዜ እፈልጋለሁ። አስሉት፤ ድፍን አንድ ሰዓት! ያን ሰዓት ሁሉ የምትሰደበው ደግሞ እሷ ናት።

አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበሩ፣ መለዋወጫ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ሲንከራተቱ እያየች ነው ያደገችው። ፕሮግራም መጻፍ ስትማር የወሰንን ሰባት ሱቆች ዕቃ በአንድ ስልክ ለማሳየት አሰበች፤ ለዚሁ ብላ የደመወዝ ሥራዋን ለቀቀች። የገባና የወጣ ዕቃ ሁሉ ስለሚመዘገብ ግን መዝገቡ ሁለት ሚሊዮን መስመር ደረሰ፤ ሲስተሙም ይንቀራፈፍ ጀመር።

የሱቃችን ባለቤት ጋሽ ቶፊቅ፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገርሽ ከካራ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» ይሏታል። ባለፈው ሰኞ ግን ቀልዱን ተዉት።

«እስከ ሐሙስ ካልፈጠነ ወደ ደብተራችን እንመለሳለን። ሌሎቹ ባለሱቆችም የሚያዩት እኔን ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ልጄን ሕፃናት መዋያ አድርሼ ስመጣ፣ ተቅዋ ላፕቶፗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሰርቨር የሚሉትን ኃይለኛ ኮምፒውተር ተከራይታ ሞክራለች፤ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም። አጠገቤ ተቀመጠች። ወዲያው መካኒኩ ሚልኬሳ ገባ።

«ሀዊዬ፣ ሾክ አብዞርበር አለ?»

«የምን መኪና?»

«የዶልፊን ሚኒባስ።»

«የስንት ሞዴል?»

ተቅዋ ብድግ አለች። «ቆይ ቆይ! ሁሉንም ሰው እንዲህ ነው የምትጠይቂው? መጀመሪያ መኪናውን?»

«ታዲያ! የሱቁን ሾክ በሙሉ ልዘርግፍለት?»

«እኔ እኮ ሲስተሙን የማዘው እንደዚያ ነው!»

ኢንዴክስ የሚባል ነገር አለ፤ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንዳለው የቃላት ማውጫ ነው። እሷ ማውጫውን የሠራችው በፋብሪካ ቁጥር ነበር። ያን ቁጥር ደግሞ ወሰን ውስጥ በቃሉ የሚያውቅ መካኒክ የለም፤ ሁሉም የሚፈልገው በስም ነው። ስለዚህ ማውጫው እያለ ሲስተሙ ሁለት ሚሊዮኑንም መስመር ከላይ እስከ ታች ያነብ ነበር።

አዲስ ማውጫ ሠራች፤ መጀመሪያ መኪና፣ ቀጥሎ ሞዴል፣ ከዚያ ዕቃ፤ ልክ እኔ እንደምጠይቀው። መፈለጊያውንም በዚያው ቅደም ተከተል ለወጠችው።

የሚልኬሳን ዕቃ ሞላችና፣ «ፈልግ የሚለውን ንኪው» አለችኝ። ነካሁት። ጣቴን ሳላነሳ መልሱ መጣ!

ሚልኬሳ ሳቀ። «ሳይፈልግ ነው የመለሰው። በይ ድገሚው!»

ደገምኩት። ያው! ጋሽ ቶፊቅ አላመኑም፤ ራሳቸው መደርደሪያው ድረስ ሄደው ዕቃውን ይዘው ተመለሱ።

«አለ!» አሉና ወደ ተቅዋ ዞሩ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ስድስቱ ሱቆች ደብተር ሳይገዙ ድረሽባቸው እንጂ!»

«አዲስ ዕቃ ስታስገቢ ማውጫውም አብሮ ስለሚጻፍ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል» አለችኝ እየሮጠች። ይዘግይ!

ታሪኳን እንደምጽፍ ስነግራት አንድ ነገር ለምኝልኝ አለችኝ፦ «ሲስተም ሲዘገይባችሁ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ምን እንደፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ ምን ብላችሁ እንደጠየቃችሁ ጽፋችሁ ለሠራው ሰው ላኩለት። እባካችሁ!»