ማድቤታችንን ጎረቤት ግቢ ያስገባው ፎቶ

ዛሬ የጎረቤታችን ልጅ ናቲ ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ «ማድቤታችሁ እኛ ግቢ ገብቷል፤ መፍረስ አለበት» አለን።

የሰፈራችንን የፉሪን የድሮ የሳተላይት ፎቶ በነጻ በሚወርድ ሶፍትዌር ከይዞታ ካርታው ጋር ገጣጥሞት ነው።

«ታዲያ የት ላብስል?» አለች እማዬ ደንግጣ።

እኔ ሰው ፊት ማውራት ያስፈራኛል። ግን ጠረጠርኩ። ላፕቶፑ ላይ የእነሱም ሳሎን አስፋልት ላይ ወጥቷል፤ እንኳን ታክሲ አልገጨው!

«በምን ምልክት ነው የገጣጠምከው?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«በቤተክርስቲያኑ በር።»

«በሩ እኮ መንገዱ ሲሰፋ ወደ ውስጥ ገብቷል። ፎቶው ላይ ያለው የድሮው፣ ካርታው ላይ ያለው ደግሞ አዲሱ ነው።»

«ውይ፣ ረስቼው ነው» ብሎ ላፕቶፑን ዘጋ።

እማዬ አመነችው። እኔ አላመንኩትም፤ የድሮው በር ሲፈርስ ድንጋዩን ካነሱት ልጆች አንዱ እሱ ነበር።

እናንተስ ሰፈር እንዲህ ያለ ካርታ ይዞ የመጣ አለ? ምን አላችሁት?