ከካራቫኗ ኋላ የተበየደው ብረት

እኔና ባለቤቴ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ መንገድ ሠሪ በገዛናት ካራቫን፣ በመኪና በምትጎተት ቤት፣ ምግብ እየሸጥን፣ ከነጌሌ ቦረና እየተነሳን በየገበያው እንዞር ነበር። ቆላ ላይ ሳህን ማጠቢያ ውሃ እንኳ ብርቅ ነው። ስለዚህ መኪናችን ካራቫኗን፣ ካራቫኗ ደግሞ ትንሽ የውሃ ጋሪ እንድትጎትት አሰብን፤ ለዚህ ከኋላዋ መጎተቻ ማስበየድ ነበረብን።

በያጁ አበልጃችን ነው፤ ልጃችንን ክርስትና ያነሳ፣ ከዚያ ወዲህ አንቱ የምንባባል ሰው። ባለቤቴ መጎተቻው ፓራውልቱ፣ የኋላው የግጭት መከላከያ፣ ላይ ብቻ እንዳይበየድ፣ ካራቫኗን ከሥር ከተሸከሙት ከሁለቱ የሻንሲ ብረቶች ጋር እንዲታሰር አጥብቆ ነገረው።

"ምነው አበልጄ! ልጄ የምትተኛባትን ቤት ላበላሽ ነው እንዴ?" አለ።

እኔ ሞኟ ባለቤቴን ተቆጣሁት። ሰው አበልጁን ይጠረጥራል?

ሥራው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ አምሮ ቆየን። ጋሪውን ውሃ ሞልተን ወደ ፊልቱ ገበያ ተነሳን፤ ልጃችን ካራቫኗ ውስጥ፣ የኋላው አልጋ ላይ ተኝታለች። ከከተማው ወጣ እንዳልን ካለው ደረቅ ወንዝ ሽቅብ ስንወጣ ብረት ሲቀደድ ሰማሁ። ጋሪው ፓራውልቱን፣ ፓራውልቱ የኋላውን ግድግዳ ገንጥሎ ቁልቁል ወረደ። ሮጬ ስደርስ የልጄ እግሮች ውጭ ተንጠልጥለዋል። እንዴት እንደጮህኩ እኔ አላውቀውም። ቆርቆሮው ክንዷን ሸርክቶታል፤ ነፍሷ ግን ተርፋለች። ባለቤቴ ከሥር ገብቶ አየ። ሻንሲው ጋ የደረሰው ቀለሙ ብቻ ነበር።

ነጌሌ ጤና ጣቢያ ክንዷ ተሰፍቶ እንዳበቃ፣ ወሬ የሰማችው የአበልጃችን ሚስት እያለከለከች ገባች።

"ናጋ? ልጅቷ ደህና ናት?" አለችና አጠገቤ ዘፍ አለች። "እኔም ፊልቱ አብሬያችሁ ልሄድ ነበር እኮ። 'ረጅም ብረት አጥቼ እንደነገሩ ነው ያያዝኩት፣ አንቺ በአውቶቡስ ሂጂ' አለኝ። ለእናንተም የነገራችሁ መስሎኝ!"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት። ሴትየዋ ምን እንደተናገረች የገባት ፊቴን ስታይ ነው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ያ ሰው በዚያው ጠዋት ደጃችን ድረስ መጥቶ፣ የልጄን ጉንጭ ስሞ፣ ራሱ አቅፎ ካራቫኗ ውስጥ ያ የኋላው አልጋ ላይ አስተኝቷታል።

ልጄ ዓይኗን ገልጣ የክርስትና አባቷን ጠየቀችኝ። "ይመጣል" አልኳት። ባይመጣ ግን ይሻለዋል፣ አልኩ በልቤ።